ኤጀንቱ ኮዳችሁን አያይም፦ ስለ ቱል መግለጫ አጻጻፍ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በድርጅታችን የሽያጭ ዳታቤዝ ላይ አንድ ኤአይ ኤጀንት (ጥያቄ ተቀብሎ ራሱ እየመረጠ የሚሠራ ፕሮግራም) አገናኝተናል። 14 ቱሎች አሉት፤ ቱል ማለት ኤጀንቱ መረጃ ለማምጣት የሚጠራው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሁሉም ተፈትሸው አልፈዋል፣ ይሠራሉ። ነገር ግን ሥራ አስኪያጃችን ‹ባለፈው ወር ስንት ሸጥን?› ብሎ ሲጠይቅ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ ስትጠይቅ ደግሞ ሌላ ቁጥር። ከኤጀንቱ ጀርባ ሆኖ የሚያስበውን የኤአይ ሞዴል ወደ ትልቁ ቀየርነው፤ ብዙም ለውጥ የለም። ችግሩ የቱል መግለጫዎቹ ይሆን? ጥሩ መግለጫስ ምን ይመስላል?»

አዎ፣ እኔም የምጠረጥረው መግለጫዎቹን ነው። ሞዴል መቀየሩ እምብዛም ያልረዳችሁም ለዚሁ ይመስለኛል። የቱንም ያህል ጎበዝ መልእክተኛ ብትልኩ፣ አድራሻው ከተሳሳተ የሰው ቤት ነው የሚያንኳኳው።

መጀመሪያ ኤጀንቱ ምን እንደሚያይ እንነጋገር። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሞዴሉ ኮዳችሁን አያይም። ዳታቤዛችሁንም አያይም። ኤስኪውኤሉ (ዳታቤዙ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ውስጥ ያስገባችሁትን ማጣሪያ፣ ከኮዱ ጎን የተዋችሁትን ማስታወሻ፣ አንዱንም አያውቅም። በእጁ ያለው የቱሉ ስም፣ መግለጫው እና ቱሉ የሚቀበላቸው ፓራሜትሮች፣ ማለትም የግብዓቶች፣ ዝርዝር ብቻ ነው። እነሱን አንብቦ «ይህን ቱል በዚህ በዚህ ግብዓት ጥሩልኝ» ይላል። ጠርቶ የሚያስኬደው የእናንተ ፕሮግራም ነው። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ ይህን አሠራር በኤፒአዩ (ፕሮግራሞች ከሞዴሉ ጋር በሚነጋገሩበት በር) የከፈተው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ነበር። ክሎድ የተባለውን ሞዴል የሚሠራው አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ያወጣው፣ ቱሎችን ከኤጀንቶች ጋር የሚያገናኘው ኤምሲፒ የተባለው መስፈርትም በመሠረቱ እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ለሞዴሉ ያደርሳል። ስለዚህ የትኛውን ብትጠቀሙ ነገሩ ያው ነው።

አሁን የእናንተን ቱሎች ልገምት። አንዱ ምናልባት «ሽያጭ_አምጣ» ይባላል። መግለጫው ደግሞ ይህን ይመስላል፦

«የሽያጭ መረጃን ከዳታቤዝ ያመጣል።»

ይህን የጻፈው ፕሮግራመር ነው፤ የጻፈውም ለሌላ ፕሮግራመር ነው። ለዚያ ሰው ይበቃል። ያልገባው ነገር ካለ ኮዱን ከፍቶ ያያል፣ ወይም ዞር ብሎ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ሞዴሉ ሁለቱንም ማድረግ አይችልም። የጎደለውን በግምት ይሞላል። ግምቱ ደግሞ እንደ ጥያቄው አጠያየቅ ይለዋወጣል። ሥራ አስኪያጁ «ስንት ሸጥን» ሲል የትዕዛዞቹን ድምር ይወስዳል። ኃላፊዋ «ገቢያችን ስንት ነው» ስትል ከተመላሽ በኋላ ያለውን የሚሰጠውን ቱል ይመርጣል። ሁለቱም ቁጥሮች ዳታቤዙ ውስጥ አሉ፤ ኤጀንቱ የፈጠረው ነገር የለም። የትኛው ቁጥር ምን እንደሚባል ግን ማንም አልነገረውም።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። የቱል መግለጫ ስለ ኮድ የሚጻፍ ይመስላል እንጂ ስለ ቢዝነሱ ነው የሚጻፈው። የሚያስፈልገው እውቀት የሒሳብ ሠራተኛዋ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ መግለጫ ለመጻፍ ስትነሱ ከኮምፒውተሩ ፊት ተነሡና እሷ ጋ ሂዱ። «ሽያጭ ስትይ ታክስ አለበት? ተመላሽ ተቀንሷል? በዱቤ የወጣውስ ይቆጠራል? ቀኑ የታዘዘበት ነው ወይስ የተከፈለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ሰዓት የሚገኘውን ፍሬ በሳምንት የኮድ ሥራ አታገኙትም።

የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ በሠራሁት ሲስተም የትዕዛዝ ሁኔታ በቁጥር ነበር የሚቀመጠው። 5 ማለት «ተዘግቷል» ነው። እኔም «5፦ የተጠናቀቀ ትዕዛዝ» ብዬ ጻፍኩ። ማን ይጠራጠራል? ለካ የሽያጭ ሰዎቹ የተሰረዘውንም የተጠናቀቀውንም እኩል «ይዘጉት» ነበር። ልዩነቱ ያለው ሌላ ዓምድ ላይ ነው። ኤጀንቱ ለሳምንታት የተሰረዘ ትዕዛዝ ሲደምር ከረመ። ኮዱ ምንም ስህተት አልነበረበትም። ስህተቱ እኔ ሳልጠይቅ የጻፍኳት አንዲት ቃል ነበረች።

እንግዲህ ያንን መግለጫ ደግመን እንጻፈው፦

«በተሰጠው የጊዜ ክልል ክፍያቸው የተጠናቀቀ ትዕዛዞችን ጠቅላላ ድምር ይሰጣል። ታክስ አልተካተተም። ተመላሽ ገንዘብ አልተቀነሰም። የተሰረዙና ያልተከፈሉ ትዕዛዞች አይቆጠሩም። ቀኑ ክፍያው የገባበት ቀን ነው። ተጠቃሚው ‹ስንት ሸጥን›፣ ‹የወሩ ሽያጭ› ሲል ይህን ተጠቀም። ‹ገቢ› ወይም ‹የተጣራ› ካለ ‹የተጣራ_ገቢ_አምጣ› የሚለውን ተጠቀም። ስለ አንድ ነጠላ ትዕዛዝ ለመጠየቅ አይሆንም፤ ለዚያ ‹ትዕዛዝ_አሳይ› አለ። ውጤቱ በገንዘቡ ትንሿ መለኪያ ነው፤ 12550 ማለት 125.50 ነው።»

በዛ እንዴ? አልበዛም። አንትሮፒክ በመመሪያው ለአንድ ቱል ቢያንስ 3 ወይም 4 ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ ይመክራል፤ ውስብስብ ከሆነ ከዚያም በላይ። እንደ እናንተ ያለ የገንዘብ ጥያቄ የሚመልስ ቱል ውስብስብ ከሚባለው ወገን ነው።

በዚህ መግለጫ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ ዋናዎቹ ወደ ሌላ ቱል የሚመሩት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሰው ሲጽፍ ቱሉ የሚያደርገውን ይጽፋል፤ የማያደርገውን ይረሳል። ሞዴሉ ግን 14ቱንም መግለጫዎች በአንድ ላይ ነው የሚያነበው። ሥራው መምረጥ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ቱሎች ጎን ለጎን ሆነው «የሽያጭ መረጃ ያመጣል» እና «የገቢ መረጃ ያመጣል» የሚሉ ከሆነ ምርጫው ሎተሪ ነው። ድንበሩን ከሁለቱም በኩል አስምሩለት። እዚህ ላይ ተጠቃሚዎቹ በእውነት የሚናገሩትን ቃል አስገቡ። ዳታቤዙ ውስጥ ዓምዱ «የክፍያ_መጠን» ሊባል ይችላል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን በሕይወቱ «የክፍያ መጠን» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። «ስንት ሸጥን» ነው የሚለው።

ድንበሩን ማስመር ከከበዳችሁ፣ ማለትም ሁለቱን ቱሎች በሁለት ዓረፍተ ነገር መለየት ካቃታችሁ፣ ምናልባት መጀመሪያውኑ ሁለት መሆን አልነበረባቸውም። አዋህዷቸውና ልዩነቱን በፓራሜትር ግለጹት። መግለጫ መጻፍ እግረ መንገዱን የቱል ንድፍንም ያጋልጣል።

ወደ ፓራሜትሮች እንምጣ። ስሙ ራሱ ግማሽ መግለጫ ነው። «ደንበኛ» የሚል ፓራሜትር ምን ይቀበላል? ስም? ስልክ? መለያ ቁጥር? «የደንበኛ_መለያ_ቁጥር» በሉት፣ አለቀ። ቀጥሎ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ተጠቃሚው የሚናገረው ስም እንጂ ቁጥር አይደለም። ሞዴሉ ቁጥሩን ከየት ያምጣ? ካልነገራችሁት አንዳንዴ ይፈጥረዋል። «ቁጥሩን ካላወቅህ መጀመሪያ ‹ደንበኛ_ፈልግ› በሚለው ፈልግ። በተመሳሳይ ስም ከአንድ በላይ ደንበኛ ከተገኘ ራስህ አትምረጥ፤ ተጠቃሚውን ጠይቅ» ብላችሁ ጻፉለት። የተወሰኑ አማራጮች ብቻ ያሉት ፓራሜትር ከሆነ አማራጮቹን በጄሰን ስኪማው (የግብዓቶቹን ቅርጽ በሚገልጸው ክፍል) ውስጥ ኢነም፣ ማለትም የተፈቀዱ አማራጮች ዝርዝር፣ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። የእያንዳንዱን ትርጉምም ጻፉ፤ የእኔን 5 ቁጥር አስታውሱ።

ቀን ደግሞ ለብቻው መዓት ነው። ሞዴሉ «የማርች ወር» ሲባል ከ2025-03-01 እስከ 2025-03-31 ብሎ ይልካል። ዳታቤዛችሁ ሰዓትንም አብሮ የሚይዝ ከሆነ፣ 2025-03-31 የሚለው የዚያ ቀን መጀመሪያ፣ ማለትም እኩለ ሌሊት ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። የወሩ የመጨረሻ ቀን ሽያጭ ሙሉ በሙሉ ወጣ ማለት ነው። ማንም አያስተውለውም፤ ቁጥሩ ትንሽ አነስ ይላል እንጂ አስቂኝ አይሆንም። አደገኛው ስህተት እንዲህ ያለው ነው። የመጨረሻው ቀን ይካተታል ወይስ አይካተትም? ጻፉት። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ነው ወይስ በቢሮው ሰዓት? ጻፉት፤ ማታ የተደረገ ሽያጭ በዩቲሲ ሲቆጠር በሌላ ቀን ሊያድር ይችላል። «ሩብ ዓመት» የሚባለው ከጃንዋሪ ነው የሚጀምረው ወይስ ከድርጅቱ የበጀት ዓመት? ይህንንም ጻፉ። «ዛሬ» የሚለውም ቀላል አይምሰላችሁ። ሞዴሉ የዛሬን ቀን በራሱ አያውቅም፤ ከፕሮግራማችሁ ልትነግሩት ይገባል።

ገንዘብን በትንሿ መለኪያ ማስቀመጥ በክፍያ ሲስተሞች የተለመደ ነው። ለምሳሌ ስትራይፕ በተባለው የክፍያ ድርጅት ኤፒአይ ውስጥ 10.00 ዶላር 1000 ተብሎ ነው የሚጻፈው። የጃፓን የን ግን በ100 አይባዛም፤ 500 የን 500 ነው። በብዙ ዓይነት ገንዘብ የምትሠሩ ከሆነ «ሁልጊዜ ለ100 አካፍል» የሚል መግለጫ በየን ላይ ጉድ ይሠራችኋል። የሚሻለው ቱሉ ራሱ የተስተካከለውን ቁጥር ከገንዘቡ ስም ጋር ቢመልስ ነው። ኮድ ሊያደርገው የሚችለውን ሒሳብ ለሞዴሉ በመግለጫ ማስተማር ድካም ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ጨርሶ የማይጽፈው ክፍል፦ ቱሉ የሚመልሰው ነገር። ቱላችሁ ቢበዛ 100 ረድፍ ይመልሳል እንበል። ሞዴሉ «የትዕዛዞች ዝርዝር» ጠይቆ 100 ትዕዛዞች ይመጡለታል። ደምሮ «የወሩ ሽያጭ ይህን ያህል ነው» ይላል። እውነተኛዎቹ ትዕዛዞች ግን 2,340 ናቸው። መልሱ ንጹሕ ነው፣ በራስ መተማመን የተሞላ ነው፣ ፍጹም ስህተት ነው። ከእናንተ ሁለት ቁጥሮች አንዱ ከዚህ የመጣ ቢሆን አይገርመኝም፤ ምዝግባችሁን፣ ማለትም ኤጀንቱ የትኛውን ቱል እንዴት እንደጠራ የሚመዘገብበትን ፋይል፣ ከፍታችሁ እዩ። መፍትሔው ሁለት ቦታ ላይ ነው። መግለጫው ላይ፦ «ቢበዛ 100 ትዕዛዝ ይመልሳል፤ ለድምር አትጠቀምበት፤ ድምር ከፈለግህ ‹ሽያጭ_አምጣ› አለ።» ውጤቱም ላይ፦ «ከ2,340 ውስጥ 100 ታይቷል» የሚል መስመር። ሁለተኛው ይበልጥ ይሠራል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሞዴሉ መልሱን ሊጽፍ ሲል ከፊቱ የሚያገኘው እሱን ነው።

ባዶ ውጤትም እንዲሁ ነው። ምንም ሲጠፋ 0 ትመልሳላችሁ? «በዚህ ጊዜ ሽያጭ አልነበረም» እና «ለዚህ ጊዜ መረጃ ገና አልገባም» በጣም ይለያያሉ። መረጃው በየሌሊቱ የሚታደስ ከሆነ «እስከ ትናንት ድረስ ነው» ብላችሁ ጻፉ። አለበለዚያ አንድ ቀን ጠዋት ኤጀንቱ ለሥራ አስኪያጁ «ዛሬ ምንም አልሸጣችሁም» ብሎ ያስደነግጠዋል።

የስህተት መልእክትም የመግለጫው ቅጥያ ነው። «ስህተት 400» የሚል መልስ ሲያገኝ ሞዴሉ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ደጋግሞ ሊልክ ይችላል። «ቀኑ በዓመት-ወር-ቀን ቅርጽ መሆን አለበት፤ ምሳሌ፦ 2025-03-01» ካላችሁት ግን በቀጣዩ ሙከራ ያስተካክለዋል። ብዙውን ጊዜ በመግለጫው ውስጥ ሁሉንም ደንብ ከመደርደር፣ ሲሳሳት በደንብ የሚናገር ቱል መሥራት ይሻላል።

ይህ ወደ ርዝመት ይወስደናል። መግለጫዎቹ በሙሉ በእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ሞዴሉ ይላካሉ፤ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆጥርበት ቁራጭ) ይበላሉ፣ ገንዘብም ያስወጣሉ። ስለዚህ ለሁሉም ቱሎች የጋራ የሆነውን ነገር፣ ማለትም የሰዓት ክልሉን፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ «ንቁ ደንበኛ» የሚባለው ማን እንደሆነ፣ 14 ጊዜ አትድገሙት። ኤጀንቱ ሁልጊዜ በሚያነበው ዋናው መመሪያ ላይ አንዴ አስቀምጡት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቱሎቹን በኤምሲፒ ለሌሎች ቡድኖች ካጋራችሁ የእነሱ ኤጀንት ዋና መመሪያ በእጃችሁ አይደለም። ያን ጊዜ መግለጫው ብቻውን መቆም መቻል አለበት፤ መደጋገሙን ቻሉት። የቱል ብዛት ላይ ኦፕንኤአይ በአንድ ጊዜ ከ20 ያነሰ እንዲሆን ይመክራል። እናንተ 14 ላይ ናችሁ፤ ብዛቱ አያሳስበኝም።

«እባክህ በጣም ተጠንቀቅ»፣ «በፍጹም እንዳትሳሳት» የሚሉ ማስፈራሪያዎችን አውጧቸው። ምንም መረጃ የላቸውም። ከምን እንደሚጠነቀቅ ብትነግሩት ይሻላል።

ስለ ደህንነት አጭር ነገር ልበል፤ በመግለጫ የሚፈታ ስላልሆነ። «መረጃ አትሰርዝ» ብሎ መጻፍ ቁልፍ አይደለም። ኤጀንቱ ማንበብ ብቻ ካለበት የዳታቤዝ ፈቃዱም ማንበብ ብቻ ይሁን። ኤምሲፒ ቱሉ አንባቢ ብቻ ወይም አጥፊ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉት፤ እነሱም ጥቆማ ናቸው እንጂ አያግዱም። ሌላ ሰው የሠራውን ቱል ስታገናኙ ደግሞ መግለጫውን ራሳችሁ አንብቡት። ኢንቫሪያንት ላብስ የተባለ የደህንነት ድርጅት በኤፕሪል 2025 እንዳሳየው፣ ተንኮለኛ ሰው መግለጫው ውስጥ ለተጠቃሚው የማይታይ፣ ሞዴሉ ግን የሚያነበው ትእዛዝ ሊደብቅ ይችላል። መግለጫ ለሞዴሉ የምትናገሩበት አፍ ነው፤ ለሌላም ሰው አፍ ይሆናል።

መግለጫዎቹን ካሻሻላችሁ በኋላ በምን ታውቁታላችሁ? በስሜት አትፍረዱ። ሰዎቹ በእውነት የጠየቋቸውን 30 ያህል ጥያቄዎች ሰብስቡ። «ባለፈው ወር ስንት ሸጥን?» የግድ ይኑርበት፤ በተለያየ አጠያየቅም ይደጋገም። ትክክለኛውን መልስ የፋይናንስ ኃላፊዋ በእጇ ትጻፍላችሁ። ከዚያ ኤጀንቱን አስኬዱትና መልሱን ብቻ ሳይሆን የትኛውን ቱል በየትኛው ግብዓት እንደጠራ እዩ። ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ መንገድ የመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በቀጣዩ ወር ይፈርሳል። አንድ ጊዜ አንድ መግለጫ ብቻ ቀይሩ፤ አለበለዚያ የረዳችሁን ከጎዳችሁ አትለዩትም።

ምዝግብ ማንበብ አሰልቺ ነው፤ ግን ምትክ የለውም። አንትሮፒክ ራሱ በ2025 እንደተረከው፣ ክሎድ የድረ ገጽ ፍለጋ ቱሉን ሲጠራ ያለ ምክንያት «2025» የሚል ቃል በፍለጋው ላይ እየጨመረ ውጤቱን ያበላሽ ነበር። ያገኙት የተጠራበትን መንገድ ሲያዩ ነው። ያስተካከሉትም የቱሉን መግለጫ በማሻሻል ነው።

አንዲት ርካሽ ዘዴም አለች፤ ማሽን እንኳ አትፈልግም። 14ቱን መግለጫዎች በወረቀት አትሙና ሥራ ለጀመረ አዲስ ሠራተኛ ስጡት፤ ዳታቤዙን አይቶ የማያውቅ ይሁን። 30ዎቹን ጥያቄዎች አንብቡለትና «የትኛውን ትመርጣለህ?» በሉት። የሚያመነታበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። በእኔ ግምት ሽያጭና ገቢ ላይ ይቆማል። ከእነዚያ ሁለት መግለጫዎች ጀምሩ።

30ዎቹ ጥያቄዎች በትልቁ ሞዴል ሲያልፉላችሁ ደግሞ ወደ ቀድሞው ትንሽ ሞዴል ተመልሳችሁ እነዚያኑ አስኬዱ። ካለፈ ለትልቁ የምትከፍሉት ገንዘብ ይቀርላችኋል። ካላለፈም የወደቀባቸውን ጥያቄዎች ከነምዝግባቸው ላኩልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።